ከሸራው በፊት ጥያቄው፦ ስለ መኪና ፍጭት ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ቪትዙን የጋራዡ በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ስልኩን በመስኮት አወጣልኝ። «ጋሼ፣ ሸራ ነው። ይኸው እዚህ ተጽፏል!» በዚያ ሳምንት ብቻ ያንኑ ጽሑፍ ይዞ ሲመጣ ሦስተኛው ሰው ነበር። ጎማውን ፈትተን ሸራውን አየነው፤ ገና ግማሹም አላለቀም። የሚፋጨው ሌላ ነገር ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መኪና እየሄደ የፍጭት ድምፅ ሲያሰማ ባለቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት ይመክራል። በቅንነት የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ፍጭቱን መሸፈን ራስን ማታለል ነው ማለታቸውን በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ከዚያ ውጭ ግን ስድስት ነገር ይላሉ፦ ፍጭት ማለት ሁልጊዜ በሚባል ደረጃ የፍሬን ሸራ ነው፤ መጥቶ የሚጠፋ ድምፅ እስከሚቀጥለው ሰርቪስ ሊቆይ ይችላል፤ ጎማውን አንስቶ ወዝውዞ ካልተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለኳስ ብረት) ጤነኛ ነው፤ ሲታጠፍ የሚመጣ ድምፅ የመሪ ዘይት ሲጎድል ነው፤ ድምፁ የሞተር ይሁን የጎማ ለመለየት ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ ይበቃል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አይፋጭም፣ ከተፋጨም የፋብሪካ ስህተት ነው።

በተራ አያቸዋለሁ፤ አምስተኛውን ግን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ።

ከዝርዝሩ በፊት አንድ ነገር። የጽሑፉ ጉድለት ከአነሳሱ ይጀምራል፤ ዕቃ ጠርቶ ነው የሚነሳው። ጋራዥ ውስጥ ግን የምንነሳው ከጥያቄ ነው። መቼ ነው የሚጮኸው? ፍሬን ስትይዝ ነው ስትለቅ? ድምፁ የሚጨምረው መኪናው ሲፈጥን ነው ወይስ ሞተሩ ዙር ሲያበዛ? ቀጥ ብለህ ስትሄድ ነው ስትታጠፍ? ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው ቀኑን ሙሉ? ሆዴን አመመኝ ላለ ሁሉ አንድ ዓይነት ክኒን የሚሰጥ ሐኪም ዘንድ ማን ይመለሳል?

አሁን ወደ ሸራው። የዲስክ ሸራ ሲያልቅ መጀመሪያ አይፋጭም፤ ያፏጫል። ብዙዎቹ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይኖረዋል፤ ተበልቶ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ምላሷ ዲስኩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) መንካት ትጀምርና ቀጭን ፉጨት ታሰማለች። ማስጠንቀቂያዋ ያ ነው። ርካሽ ሸራ ላይ ግን ምላሷ ጭራሽ ላትኖር ትችላለች፤ እንዲህ ያለው ሸራ ሳያስጠነቅቅ ያልቃል። ፍጭት የሚመጣው ፉጨቱ ታልፎ፣ ሸራው እስከ ጀርባው ተበልቶ፣ የሸራው ደጋፊ ብረት ዲስኩን እንደ ማረሻ ማረስ ሲጀምር ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ደርሶ «ሸራ ቀይሩ» ብቻ ማለት አይበቃም። ዲስኩ ጎድጉዷል። ወይ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጫል ወይ ይቀየራል፤ ዝቅተኛው የሚፈቀደው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ ከዚያ በታች የወረደውን «ትንሽ እንላጨው» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። በታረሰ ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ ብትገጥሙ፣ ሸራው ዲስኩን የሚነካው በጉብታዎቹ ብቻ ነው፤ ፍሬኑ ይደክማል፣ ሸራውም ቶሎ ያልቃል።

ሌላም አለ። ሸራ ስንፈታ የአንዱ ጎማ ብቻ አልቆ የሌላው ግማሹ እንዳለ የምናገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥፋቱ የሸራው አይደለም። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትበት ፒን ደርቋል ወይም ሸራውን የሚገፋው ፒስተን አልመለስ ብሏል፤ እግራችሁን ከፍሬኑ ብታነሱም ያ ጎማ እንደተያዘ ይሄዳል። ጥቂት ነድታችሁ ስትቆሙ የዚያ ጎማ ቸርኬ ከሌሎቹ በጣም ይሞቃል (እጃችሁን አስጠግቱ እንጂ ዲስኩን አትንኩ፣ ያቃጥላል)። ፒኑ ሳይጸዳና ግሪስ ሳይቀባ ሸራ ብቻ የቀየረ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ሌላ ሸራ ሲፈልግ ይገኛል።

ወደ ቪትዙ ልመለስ። ልጁን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት፦ ፍሬን ሳትይዝም ይፋጫል? «አዎ፣ እንዲያውም ሳልይዝ ነው የሚብሰው» አለኝ። ጥርጣሬዬ ከሸራው ይልቅ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ቤቱ ከአስፋልት ወጣ ብሎ ኮረኮንች መንገድ ላይ ነው። ከዲስኩ ጀርባ ዲስኩን ከጭቃ የሚጠብቅ ስስ ቆርቆሮ አለ፤ በዚያና በዲስኩ መካከል ሽንብራ የምታህል ጠጠር ተሰንቅራ ዲስኩን ስትፍቅ ነበር የከረመችው። ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ስናደርገው ጠጠሯ ወደቀች። አንዳንዴ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ በመንዳት ብቻ ትወጣለች። ቆርቆሮው ራሱ ድንጋይ መትቶት ታጥፎ ዲስኩን የሚነካበት ጊዜም አለ፤ ያኔ በእጅ መመለስ ነው። ሒሳብ ስንት ነው ሲለኝ ሻይ ጋብዘኝ አልኩት። ጽሑፉን ሰምቶ ዕቃ ገዝቶ ቢመጣና ሌላ ጋራዥ ቢገባ ኖሮ አዲስ ሸራ ይገጠምለት ነበር፤ ጠጠሯም እዚያው ትቆይ ነበር።

ጸሐፊው ያላነሷቸው፣ ምንም መቀየር የማያስፈልጋቸው ሁለት የፍሬን ድምፆችም አሉ። አንደኛው የክረምት ጠዋት ድምፅ ነው። ዲስኩ ቀለም ያልተቀባ ብረት ነው፤ ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ያደረ መኪና ገጹ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል፣ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ስትይዙም ኽርር ብሎ ይጠፋል። ይኸው ነው። ሁለተኛው የኤቢኤስ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ በድንገት ፍሬን ስትረግጡ ከእግራችሁ ሥር የሚንገጫገጭ ድምፅ ይመጣል፣ ፔዳሉም ይንቀጠቀጣል። የተሰበረ ነገር የለም፤ ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑ ቶሎ ቶሎ እየያዘና እየለቀቀ ነው። ይህን የማያውቅ ሹፌር ደንግጦ እግሩን ያነሳል፤ ያኔ ነው ከፊቱ ያለውን መኪና የሚያገኘው። እግራችሁን አታንሱ።

ሁለተኛው ነጥባቸው መጥቶ የሚጠፋ ድምፅ እስከ ሰርቪስ ይቆያል የሚለው ነው። የጠዋቱን ዝገት ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። ሳምንታት ሲጮህ ከርሞ ሳይጠገን በራሱ ዝም ያለ ድምፅ ግን እኔን ይበልጥ ያስፈራኛል። የሸራዋ ምላስ ተሰብራ ወድቃ ሊሆን ይችላል፤ ፉጨቱ ሲቆም ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ሸራው ግን ማለቁን ቀጥሏል። ከጎሚስታ በተመለሳችሁ በሰዓታት ወይም በማግስቱ ከአንድ ጎማ አካባቢ የጀመረ ድምፅ ደግሞ እስከ ሰርቪስ ቀርቶ እስከሚቀጥለው መብራትም አይቆይም፤ ዳር ይዛችሁ ቁሙና የጎማውን ቡሎኖች ፈትሹ። ላልተው ይሆናል። እኔ ጎማ ከተፈታ በኋላ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ደግማችሁ አጥብቁ እላለሁ፤ የሚሰማኝ ሰው ጥቂት ነው። ፔዳሉ ወደ ታች ከወረደ፣ የሚቃጠል ነገር ከሸተተ ወይም መሪው እጃችሁ ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረም ያው ነው፤ መንዳት ማቆም።

አሁን ኩሽኔታው። ሦስተኛው ነጥባቸው በክሪክ አንስታችሁ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ፤ ካልተንቀጫቀጨ ጤነኛ ነው ይላል። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚሳሳትበት። ከተንቀጫቀጨ በእርግጥ የላላ ነገር አለ። ካልተንቀጫቀጨ ግን ምንም አልተረጋገጠም። የድሮዎቹ መኪኖች፣ ዛሬም ብዙ የጭነት መኪኖች፣ በዳዶ የሚጠብቅና የሚላላ ጥንድ ሾጣጣ ኩሽኔታ አላቸው፤ እዚያ ውዝወዛው ብዙ ይናገራል። የአሁኖቹ የቤት መኪኖች ላይ ያለው ግን ታሽጎ የሚመጣ ነው። ኳሶቹ የሚንከባለሉበት ገጽ መላጥ ሲጀምር ቀድሞ የሚመጣው ድምፁ ነው፤ ልቅነቱ የሚመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። ልቅነቱን የጠበቀ ሰው ጎማው ሊወልቅበት የደረሰውን ቀን እየጠበቀ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ኩሽኔታ ሲበላሽ እንደ ሩቅ አውሮፕላን ያጓራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁ ይጨምራል፣ ማርሽ ብትቀያይሩ ግን አይለወጥም። ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ፣ 60 አካባቢ እየሄዳችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ ያዙ፤ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል። ማጓራቱ ከባሰ በአብዛኛው የታመመው የቀኙ ነው። ወደ ቀኝ ስትይዙ ከባሰ የግራው። ከዚያ አንስታችሁ ጎማውን በእጃችሁ እያዞራችሁ፣ በሌላው እጃችሁ ከጎማው ጀርባ ያለውን ሞላ (ስፕሪንግ) ያዙት፤ የተላጠ ኩሽኔታ ሞላው ላይ አሸዋ እንደሚፈጭ ሆኖ ይሰማል። ይህን ስታደርጉ መኪናውን በክሪክ ብቻ አትመኑት፤ ጠንካራ ማቆሚያ ይግባበት።

እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ ድምፁ በግራ ነው ብዬ የግራውን ኩሽኔታ ቀይሬ፣ መኪናው ከጋራዡ ወጥቶ በዚያው ድምፅ ተመልሷል። የቀኙ ነበር። ድምፅ በሻንሲው ብረት ውስጥ ይጓዛል፤ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰማው አቅጣጫ ያሳስታል። ዕቃውንም የእጅ ዋጋውንም ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ሞላ ሳልይዝ ኩሽኔታ ፈትቼ አላውቅም።

ከኩሽኔታ ጋር መንታ እስኪመስል የሚመሳሰለው ደግሞ የጎማው የራሱ ድምፅ ነው። ወጣ ገባ ሆኖ የተበላ ጎማም ያጓራል። የሚለያቸው አስፋልቱ ነው፦ ከተማ ውስጥ ከተጠጋገነው ሻካራ መንገድ ወጥታችሁ የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ስትገቡ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ ጎማ ነው። ኩሽኔታ አስፋልት አይመርጥም። ካልለየላችሁ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛውሩ፤ ድምፁ አብሮ ከተዛወረ ጥፋተኛው ጎማው ነው። ይህ ሙከራ ዕቃ አያስገዛም።

አራተኛው፣ የመሪ ዘይት። ይህ አጭር ነው። በፈረንጆቹ ከ2005 ወዲህ የተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ መሪው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚታገዘው፤ የመሪ ዘይት የሚባል ነገር የለውም። ጽሑፉን አንብቦ የዘይቱን ዕቃ ኮፋኖ ሥር ሲፈልግ የዋለ ሰው ሊኖር ይችላል። ዘይት ያላቸው መኪኖች ላይ ዘይቱ ሲጎድል የሚሰማው ደግሞ ፍጭት አይደለም፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ፖምፓው ያቃስታል። እየታጠፋችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ኃይልን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ (ሴሚያሱ) ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ነው። ጎንበስ ብላችሁ መገጣጠሚያውን የሸፈነውን የላስቲክ ኩፊያ እዩት፤ ከተቀደደ ግሪሱ ተረጭቶ የቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ኩፊያው ሲቀደድ ወዲያው ከተቀየረ መገጣጠሚያው ይተርፋል፤ አቧራ ከገባበት በኋላ ግን አይተርፍም። ከወትሮው የሰፋ ጎማ ያስገጠመ ሰው ደግሞ መሪውን ሙሉ ሲያዞር የሚሰማው ጎማው ፓራፋንጎውን ሲፍቅ ሊሆን ይችላል፤ ያ ምንም ጥበብ አይጠይቅም።

ስድስተኛው። መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና መብዛቱን የማያይ የለም። ስለዚህ ይህ ነጥብ ብዙ ሰው ይነካል። የኤሌክትሪክ መኪና ይፋጫል፤ እንዲያውም ፍሬኑ ከነዳጅ መኪና ይልቅ ለዝገት የተጋለጠ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እግራችሁን ከመስጫው ስታነሱ ሞተሩ ራሱ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ሸራውና ዲስኩ ያለ ሥራ ይውላሉ። ዲስክ ደግሞ ንጹሕ የሚሆነው ሸራ ሲፍቀው ነው። ካልተፋቀ ይዝጋል፣ ዝገቱ ይወፍራል፣ አንድ ቀን ጠንከር አድርጋችሁ ስትረግጡ ኽርርር ይላል። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ደግሞ በነዳጅ መኪና የማይሰማው ሁሉ ይሰማል። መድኃኒቱ ኋላችሁን አይታችሁ፣ ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወይም 60 እየተነሳችሁ ደጋግማችሁ ጠንከር ያለ ፍሬን መያዝ ነው። በዚያ ካልጠፋ ይፈታና ይታያል። ኩሽኔታውም ጎማውም እንደማንኛውም መኪና ያልቃል፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማው እንዲያውም ቶሎ ይበላል። ይህን ሁሉ የፋብሪካ ስህተት ነው ብሎ ከሻጩ ጋር የሚሟገት ሰው የሚያባክነው የራሱን ጊዜ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ሰዎች አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ሳለ ያ በሞተር የመያዝ ጉልበት ይቀንሳል፣ ኃይሉን የሚያስገባበት ቦታ የለማ። እንጦጦ አናት ላይ ሞልቶ ቁልቁል የሚወርድ መኪና የሚይዘው ያ ሲዝግ የከረመው ሸራና ዲስክ ነው።

ይህም ወዳቆየሁት አምስተኛ ነጥብ ያደርሰኛል። ሌሎቹ ስህተቶች ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ይሄኛው ሰው ይገድላል።

ጸሐፊው ረጅም ቁልቁለት ምረጡ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ድምፁ ከቀጠለ የጎማ ነው፣ ከጠፋ የሞተር ነው፤ ነዳጅም ትቆጥባላችሁ ይላሉ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ወንዝ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወርደው። ጣርማ በርን የወረደ ሰውም የሚሸተውን የሸራ ሽታ ያውቀዋል። በዜሮ ማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ መኪናውን አይይዝም፤ ክብደቱ በሙሉ ሸራው ላይ ይወድቃል። ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል። የፍሬን ዘይት ደግሞ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ የምንለው። እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይሠራል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። አስቡት፦ ይህን ሙከራ የሚያደርገው ሰው መኪናው እየተፋጨበት ያለ ሰው ነው። ምናልባትም ሸራው አልቆ ብረት በብረት ላይ የቀረበት። የታመመውን ዕቃ ብቻውን ገደል አፋፍ ላይ ፈትኑት ነው ምክሩ።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውም ስህተት ነው። ኢንጀክሽን ያለው መኪና በማርሽ ሲወርድ እግራችሁን ካነሳችሁ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በዜሮ ስትወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ እያቃጠለ ይቆያል። በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ 2 ወይም ኤል ላይ አድርጉ።

ሙከራው ራሱ ያለ ቁልቁለትም ይሠራል። መጀመሪያ መኪናው ቆሞ ዙር ስጡት። ቆሞ ከጮኸ ከሞተሩና ከአካባቢው ነው፤ ዲናሞ ሊሆን ይችላል፣ ቺንጊያው የሚዞርበት ፑሊ ሊሆን ይችላል። ቆሞ ካልጮኸ ሜዳ መንገድ ላይ 40 እየሄዳችሁ አንዴ በ3ኛ አንዴ በ4ኛ ማርሽ ሞክሩት፤ ፍጥነቱ ያው፣ የሞተሩ ዙር ግን የተለያየ ይሆናል። ድምፁ ዙሩን ከተከተለ ከሞተር በኩል ነው፤ ፍጥነቱን ከተከተለ ከጎማ በኩል።

በሞተርና በጎማ መካከል ካምቢዮ መኖሩንም ጽሑፉ ረስቶታል። ማንዋል መኪና ቆሞ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ሆኖ እያጓራ ፍሪሲዮን ስትረግጡ ዝም ካለ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ስትረግጡ ከጀመረ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ። ማርሽ ሲገባ ብቻ ከተፋጨ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ይሆናል። የኋላ ማርሽ ብቻ ከሆነ ግን መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም እያስገባችሁት ይሆናል፤ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ታገሱ። ሃይሉክስና ሚኒባስ የሚነዱ ደግሞ ነዳጅ ሲሰጡ የሚያጓራ፣ ሲለቁ የሚለወጥ ድምፅ ከኋላ ከሰሙ የዲፈረንሻሉን ዘይት ያስወርዱ፤ ዘይቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ስብርባሪ ካለ ውስጡ ያሉት ጥርሶች፣ ኮሮናና ፒኞኑ፣ እየተበሉ ነው።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምናቸው። ሌሎቹን ነጥቦች ሲመቻቸው ያርሟቸው፤ የቁልቁለቱን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያንሱት። ከሦስቱ ደንበኞቼ አንዱ ጎጃም ተመላላሽ ነው፤ ሙከራውን ዓባይ በረሃ ላይ ሊያደርገው አስቦ እንደነበር የነገረኝ ሸራው ብረት ላይ መድረሱን ካሳየሁት በኋላ ነው።